በሪዲዩሰር ጨረቃ ሙሉዋን ገባች፣ ግን ደበዘዘችብኝ። ምን አጠፋሁ?

ሳሪስ_ሰማይ
ጥር 25፣ ጠዋት 4፡10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሁለት ዓመት ሙሉ እናንተ ስትጽፉ እያነበብኩ ዝም ብዬ ከርሜአለሁ፤ ዛሬ ግን ቸገረኝ። ከረዘመባችሁ ታገሡኝ።

እህቴ ባለፈው ዓመት ከአሜሪካ ስትመጣ ያገለገለ ባለ 8 ኢንች ሴለስትሮን ኔክስስታር ይዛልኝ መጣች። ቱቦውን በእጇ አቅፋ፣ ማውንቱን፣ ማለት ቱቦውን የሚሸከመውንና የሚያዞረውን ባለ ሞተር ክፍል፣ ደግሞ በፎጣና በልብስ ጠቅልላ ሻንጣ ውስጥ። እናቴ ሻንጣው ሲከፈት ብረት ብቻ ስታይ ፊቷን ብታዩት!

ካሜራዬ ካነን ነው፣ 24 ሜጋፒክስል፣ ሴንሰሩ ትንሹ ዓይነት። ቴሌስኮፑ ላይ በቀጥታ ስገጥመው ጨረቃ አትገባም። አናቷና እግሯ ይቆረጥና መሀሏ ብቻ ይቀራል። አንድ የማውቀው ልጅ «ፎካል ሪዲዩሰር ግዛና ተገላገል» አለኝ። ከቴሌስኮፑ ኋላ የሚገጠም፣ ምስሉን የሚያሳንስ ሌንስ ነው። ወደ 0.63 የሚያሳንሰውን ሰው ልኬ አስመጣሁ።

ትናንት ማታ ሙሉ ጨረቃ አልነበረች? ኮንዶሚኒየማችን ጣራ ላይ ወጣሁ። ስክሪኑ ላይ ክብ ሆና፣ ዙሪያዋ ጥቁር ሰማይ ተርፎ ሳያት ብቻዬን ጮህኩ። ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ግን ደስታዬ ጠፋ። መሀሏ ደህና ነው፤ ወደ ጠርዝ ስትሄዱ ጎድጓዶቹ በቅባት ጣት የተነካ መነጽር ውስጥ የምታዩዋቸው ይመስላሉ። አራቱም ጥግ ጠቁሯል። ከጨረቃ ጎን ደግሞ አንዲት ደብዛዛ የብርሃን ክብ ተንሳፋለች፣ እሷ ምን እንደሆነች ጭራሽ አልገባኝም።

ፎቶውን አያይዤዋለሁ። ሪዲዩሰሩ ነው የተበላሸው ወይስ እኔ?

ዝም_ብዬ_አንባቢ
ጥር 25፣ ጠዋት 4፡31

እንኳን ደህና መጣህ። ጥጉ የጠቆረው ለእኔ ያምራል፣ የድሮ የሠርግ ፎቶ ይመስላል። ፍሬም ግዛለት።

ሲልቨርስፕሪንግ
ጥር 25፣ ከሰዓት 9፡05

ወንድሜ፣ ዲያጎናሉን፣ ያን በዓይን ለማየት እንዲመች ብርሃኑን ወደ ጎን የሚያጥፈውን ክርን፣ አላወጣህም። አልጻፍከውም፣ ፎቶህ ግን ነገረኝ።

እስቲ ታይኮን ፈልጋት፤ ነጫጭ ጨረሮች ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚፈነጥቁባት ጎድጓድ ነች፣ አታመልጥህም። እሷ ወደ ታች እስክትሆን ድረስ ፎቶውን አዙረው። ከዚያ ከሌሎቹ ጥቁር ሜዳዎች ተነጥላ ጠርዝ አካባቢ ብቻዋን የተቀመጠች ሞላላ ጥቁር ጠብታ ታያለህ፤ ማሬ ክሪሲየም ትባላለች። ታይኮ ከታች ስትሆን ክሪሲየም ከላይ በቀኝ በኩል መሆን ነበረባት። አንተ ጋ በግራ ነች። ፎቶውን የፈለግከውን ያህል ብታሽከረክረው አይስተካከልም፤ የግራ እግር ጫማ ቀኝ እግር ላይ እንደማይሆነው ነው። ቴሌስኮፕህ ሁለት መስታወት ስላለው አንዱ የገለበጠውን ሌላው ይመልሰዋል። ሦስተኛ መስታወት ሲገባ ነው ተገልብጦ የሚቀረው፣ ሦስተኛው ደግሞ ያለው ዲያጎናል ውስጥ ነው።

ሌላም ነገር አደረግኩ። ፎቶህን ከፍቼ ጨረቃን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ለካኋት፤ 2200 ፒክስል ገደማ መጣች። የካሜራህ አንዱ ፒክስል 3.7 ማይክሮን ስለሆነ ሴንሰሩ ላይ ያረፈችው ጨረቃ 8 ሚሊሜትር ከምናምን ነች። ጨረቃ ሰማይ ላይ የግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት አላት፤ ስለዚህ ሚሊሜትሩን በ110 ብታባዛ በየትኛው ፎካል ሌንግዝ (በረዘመ ቁጥር ምስሉ የሚተልቅበት ልኬት) እንዳነሳሃት በግምት ታገኘዋለህ። እሷም ትንሽ ሰፋ ጠበብ ስለምትል ነው ግምት ያልኩት። 900 አካባቢ ሆነልኝ። የቴሌስኮፕህ 2032 ነው። 900ን ለ2032 አካፍለው፤ 0.44።

የገዛኸው 0.63 ነው፣ እየተጠቀምክበት ያለኸው ግን በ0.44 ነው። ዕቃው ደህና ነው፣ አቀማመጡ ነው።

ሳሪስ_ሰማይ
ጥር 25፣ ምሽት 1፡20

ኧረ በሕግ! ፎቶ አይተህ ምን እንደገጠምኩ አወቅከው?

አዎ፤ ሪዲዩሰሩን ቴሌስኮፑ ኋላ ላይ ጠመዘዝኩት፣ ከዚያ ዲያጎናል፣ ከዚያ በቀጭኗ የ1.25 ኢንች አፍንጫ ካሜራውን ሰካሁት። በዓይኔ ሳይ ሁሌም በዲያጎናል ስለሆነ የማይነቀል መስሎኝ ነበር። ግን ርቀቱ ለምን ይሄን ያህል ለውጥ ያመጣል? ሌንሱ ያው ሌንስ አይደል?

መምህር_ጡረተኛ
ጥር 25፣ ምሽት 2፡45

ልጄ፣ የሲልቨርስፕሪንጉ ወጣት በሽታውን አግኝቶታል። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ግን ምክንያቱን ሳይናገር እንቅልፍ አይወስደውም።

ለትልቅ ምጣድ የተለካ ሊጥ ትንሽ ምጣድ ላይ ብታፈሰው እንጀራው ይወፍራል እንጂ ጤፉ አይጨምርም። ሪዲዩሰር የሚሠራው ይኸንኑ ነው። ቴሌስኮፑ የሰበሰበውን ያንኑ ብርሃን በጠበበ ቦታ ላይ ያሳርፈዋል። ምስሉ ያንሳል፣ በዚያው ልክ ይደምቃል። ከኤፍ 10 ወደ ኤፍ 6.3 ስትወርድ (ኤፍ የሚባለው ፎካል ሌንግዙ ለቴሌስኮፑ አፍ ስፋት ሲካፈል ነው) ድምቀቱ ሁለት ተኩል እጥፍ ይሆናል፤ 10ን ለ6.3 አካፍለህ ውጤቱን በራሱ አባዛው።

አሁን ወደ ርቀቱ። ሪዲዩሰር እንደ አጉሊ መነጽር ብርሃን የሚያሰባስብ ሌንስ ነው። ከቴሌስኮፑ እየጠበበ የሚመጣውን ብርሃን ተቀብሎ ይበልጥ ያጠብበዋል። ሴንሰሩን ከሪዲዩሰሩ ባራቅከው መጠን ማሳነሱ ይጨምራል፣ ባቀረብከው መጠን ይቀንሳል። ያንተ ዓይነቱ 0.63 የሚሆነው ሴንሰሩ ከጀርባው 105 ሚሊሜትር ላይ ሲሆን ነው። የጠርዙን ጥራት የሚያስተካክለውም ለዚያ ርቀት ተሠርቶ ነው። ዲያጎናሉ፣ ማያያዣውና አፍንጫው ተደምረው ወደ 160 ሚሊሜትር ወስደውሃል። ጠርዙ የደበዘዘው ለዚህ ነው። ጥጎቹ የጠቆሩት ደግሞ ብርሃኑ በዚያች ቀጭን የ1.25 ኢንች ቀዳዳ ማለፍ አቅቶት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለዚህ ቴሌስኮፕ የሚሠራ በቀጥታ የሚጠመዘዝ ቲ-አዳፕተር አለ፤ ርዝመቱ 50 ሚሊሜትር ነው። ካሜራውን ከአዳፕተሩ ጋር የሚያገናኘው ቀለበት፣ የካነን ቲ-ሪንግ፣ እና ካሜራው እስከ ሴንሰሩ ድረስ 55 ይሆናሉ። ደምራቸው።

ተንሳፋፊዋ ክብ የጨረቃ መንፈስ ናት። ከሴንሰሩ የተመለሰ ብርሃን ሪዲዩሰሩ ላይ ነጥሮ እንደገና ሲገባ እንዲህ ያደርጋል። ጨረቃን ከመሀል ትንሽ ወደ ጎን አድርገህ አንሳ፤ መንፈሷ በተቃራኒው በኩል ትሸሽልሃለች።

ዝም_ብዬ_አንባቢ
ጥር 25፣ ምሽት 3፡02

50 እና 55፣ 105። መምህር፣ ዘንድሮ አለፍኩ?

ሲልቨርስፕሪንግ
ጥር 26፣ ከሰዓት 9፡15

መምህር ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ግን አንድ የማይዋጥላችሁን ነገር ልናገር፦ ለጨረቃ ሪዲዩሰር መግዛት ብክነት ነው።

ሪዲዩሰር የተሠራው ለደብዛዛ ነገር ነው። ኔቡላ፣ ጋላክሲ፣ ብርሃን ለሚለመንበት ሁሉ። ጨረቃ መቼ ብርሃን አጥታ ታውቃለች? ሙሉ ጨረቃ በኤፍ 10፣ በአይኤስኦ 100፣ በ1/125 ሰከንድ ትጨርሳለህ። ሁለት ተኩል እጥፍ ብርሃን ለምን ትፈልጋለህ?

የምታጣውን ደግሞ ተመልከት። ያለ ሪዲዩሰር አንዱ ፒክስልህ ጨረቃ ላይ 700 ሜትር ያህል ይሸፍናል። በሪዲዩሰር 1.1 ኪሎሜትር። ባለ 8 ኢንች ቴሌስኮፕ አየሩ ሲረጋለት መለየት የሚችለው ራሱ 1.1 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፤ እሱን በደንብ ለመያዝ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ፒክስል ያስፈልጋል። መስታወቱ ያየውን ሴንሰሩ እየጣለው ነው ማለት ነው።

እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ በኤፍ 10 ላይኛውን ግማሽ አነሳለሁ፣ ቴሌስኮፑን ዝቅ አድርጌ ታችኛውን አነሳለሁ፣ መሀል ላይ በደንብ እንዲደራረቡ አድርጌ ኮምፒውተር ላይ እሰፋቸዋለሁ። እያንዳንዱን ክፍል መቶ ጊዜ አንስቼ አውቶስታከርት በሚባል ፕሮግራም ምርጥ ሃያዎቹን እደራርባለሁ። እዚህ ሜሪላንድ በጥር ብርድ ጣቴ እየደነዘዘ ካደረግኩት እናንተ በጥር ሰማይ አቃታችሁ?

ጽጌ_ዱባይ
ጥር 26፣ ምሽት 2፡10

ሲልቨር፣ ብክነት ያልከውን ከአፍህ መልሰው።

ጳጉሜን 2፣ 2017 ግርዶሹ ሲሆን የት ነበርክ? መቼም እንቅልፍ ላይ አልነበርክም፣ አንተ ጋ ቀን ነበር። ያን ምሽት ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ጥላ ውስጥ ገብታ 82 ደቂቃ ቆየች። በኢትዮጵያ ሰዓት ከምሽቱ 2፡30 ጀምሮ፣ እኛ ጋ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ስለሚቀድም ከ3፡30 ጀምሮ። ያቺ በ1/125 የምትጨርሳት ጨረቃ ስትቀላ ብርሃኗ በብዙ ሺህ እጥፍ ይወርዳል። እኔ በሪዲዩሰር፣ በኤፍ 6.3፣ በአይኤስኦ 1600፣ 1 ሰከንድ ነበር የፈጀብኝ። ያለ ሪዲዩሰር ሁለት ሰከንድ ተኩል መሆኑ ነው። በዚያ ላይ የምትንቀሳቀስ ነገር በሁለት ክፍል እያነሱ መስፋት የማይታሰብ ነው። ጥላው በየደቂቃው ይገፋል፤ ላይኛውን አንስተህ ታችኛው ስትደርስ ቀለሙ ተለውጧል።

ስሕተቴን ልንገራችሁና ተማሩበት። ቴሌስኮፑ ኤሲ ያለበት ክፍል ውስጥ ነበር የዋለው። በረንዳ ላይ ይዤው ስወጣ የፊቱ መስታወት በአንድ ጊዜ እንደ ሻይ ብርጭቆ ላብ አወረደው። ሪዲዩሰሩም በውስጥ በኩል ጉም ያዘው። በጨርቅ እንዳትነኩት፣ ሽፋኑን ትፍቁታላችሁ። በፀጉር ማድረቂያ ከሩቅ፣ በዝቅተኛው ሙቀት ሃያ ደቂቃ ቆሜ አደረቅኩት። ግርዶሹ ሲጀምር ያለውን ቆንጆ ክፍል ያሳለፍኩት ፀጉር ማድረቂያ ይዤ ነው። አሁን ሁለት ሰዓት ቀደም ብዬ ከነክዳኑ አወጣዋለሁ።

ሲልቨርስፕሪንግ
ጥር 26፣ ምሽት 3፡30

ለግርዶሽ ተረታሁ። ለተራ ጨረቃ ግን አልረታም።

ሳሪስ_ሰማይ
ጥር 26፣ ምሽት 3፡48

ጽጌ፣ ጳጉሜን 2 እኔ ጣራ ላይ ሆኜ ያየሁት ደመና ብቻ ነው። የሚቀጥለው መቼ ነው?

ጽጌ_ዱባይ
ጥር 26፣ ምሽት 4፡05

የካቲት 24፣ 2018 አንድ ሙሉ ግርዶሽ አለ፣ ግን ለእናንተ ጠራራ ፀሐይ ላይ ስለሆነ እርሳው። ነሐሴ 22 ንጋት ላይ ከፊል ግርዶሽ ይጀምራል፤ አዲስ አበባ ላይ ግርዶሹ ጫፉ ላይ ሳይደርስ ጨረቃ ትጠልቃለች፣ ደግሞም ክረምት ነው። በደንብ የሚመቻችሁ ታኅሣሥ 22፣ 2021 ነው። ሙሉ ግርዶሽ፣ በምሽት፣ በበጋ ሰማይ። እስከዚያ ሪዲዩሰርህን እንዳትሸጥ።

ማራኪ_ጎንደር
ጥር 27፣ ቀን 7፡20

የእኔን ደግሞ ስሙልኝ። ባለ 130 ሚሊሜትር ኒውቶኒያን (በጎን በኩል የሚታይበት ባለ መስታወት ቴሌስኮፕ) አለኝ፣ ፎካል ሌንግዙ 650። ከአንድ ኦንላይን ሻጭ «ለሁሉም ቴሌስኮፕ ይሆናል» ብሎ የጻፈበትን ባለ 1.25 ኢንች 0.5 ሪዲዩሰር ገዛሁ። እንደ ሳሪስ ያለ ካሜራ ላይ ገጥሜ ፎከሱን እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ ብገፋው ጨረቃ እንደ ቀለጠ ቅቤ ተነፋፍታ ትቀራለች። ሁለት ሌሊት ታገልኩ። በስልክ በአይፒስ (በዓይን በምናይበት ሌንስ) በኩል ሳነሳ ግን ጥርት ትላለች። ምንድን ነው ነገሩ?

መምህር_ጡረተኛ
ጥር 27፣ ምሽት 1፡55

ባርሎ የሚባለው ምስል የሚያጎላ ሌንስ ፎከሱን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ሪዲዩሰር ወደ ውስጥ ይስበዋል። ያንተ ዓይነት ኒውቶኒያን ድሮም ወደ ውስጥ የሚገባበት ትርፍ ቦታ የለውም፤ ካሜራ ብቻውን እንኳ የሚያስቸግርበት ብዙ ነው። ዋናውን መስታወት ወደፊት ማምጣት ይቻላል፣ ግን ቱቦ መቁረጥና አዲስ ቀዳዳ መብሳት ለዚህ አያስፈልግም። ምክንያቱም ሒሳቡን ተመልከት፦ በ650 ሚሊሜትር ጨረቃ ሴንሰር ላይ 6 ሚሊሜትር ብቻ ነች። የካሜራህ ሴንሰር ቁመት ወደ 15 ነው። ሁለት ጨረቃ ብትደራርብ ይገባልሃል። ልታሳንሳት ለምን ፈለግህ?

ያ ዕቃ የሚጠቅመው እነዚያ ትንንሽ የፕላኔት ካሜራዎች ላላቸው ነው። ለምሳሌ የዜድ ደብሊው ኦ 120 ሴንሰር ስፋቱ 4.8፣ ቁመቱ 3.6 ሚሊሜትር ነው። እዚያ ላይ ያንተ 6 ሚሊሜትር ጨረቃ አትገባም፣ በግማሽ ስትቀንስ ግን ትገባለች።

ስልክህ በአይፒስ ሲያነሳ ደግሞ ሳታውቀው ሪዲዩሰር እየተጠቀምክ ነው። የሳሪሱ ልጅ ባለ 2032 ቴሌስኮፑ ላይ ባለ 25 ሚሊሜትር አይፒስ ቢያደርግና 4 ሚሊሜትር ሌንስ ባለው ስልክ ቢያነሳ፣ 2032 ሲባዛ በ4፣ ሲካፈል ለ25፤ 325 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል። ስልክ ላይ ጨረቃ በቀላሉ የምትገባው ለዚህ ነው።

ማራኪ_ጎንደር
ጥር 27፣ ምሽት 2፡20

እግዜር ይስጥልኝ መምህር። ቱቦውን ልቆርጠው መጋዝ ተውሼ ነበር። ልመልስ።

ዝም_ብዬ_አንባቢ
ጥር 27፣ ምሽት 2፡41

የማላውቅበት ነገር ውስጥ ልግባ። ያለ ሪዲዩሰር ጨረቃ 5000 ፒክስል ገደማ ነች፣ ካሜራው በወርድ 6000፣ በቁመት 4000 ነው። የምትቆረጠው በቁመት ነው ማለት ነው። ታዲያ ግማሽ ጨረቃ ስትሆን ካሜራውን አሽከርክሮ ረጅሙን በረጅሙ ማስተኛት አይቻልም? ግማሽ ጨረቃ እኮ ወርዷ ግማሽ ነው።

ሲልቨርስፕሪንግ
ጥር 28፣ ከሰዓት 9፡02

ይሄ ሰውዬ ሲቀልድ ከርሞ ትምህርት ሰጠን።

አዎ ይቻላል። ግማሽ ጨረቃ 5000 በ2500 ነች፣ ያለ ሪዲዩሰር ተንደላቃ ትገባለች። ከዚያም በኋላ ብርሃኗ ሰማንያ በመቶ እስኪደርስ ድረስ ወርዷ ከ4000 አያልፍም። የካሜራውን ማያያዣ ቀለበት ላላ አድርጎ ማዞር ብቻ ነው። እኔ ለዚያች ጨረቃ ሁለት ሁለት ክፍል እያነሳሁ ስሰፋ ስንት ዓመት እንደቆየሁ አልነግራችሁም።

መምህር_ጡረተኛ
ጥር 28፣ ምሽት 1፡10

አለፍክ ልጄ። ያውም በከፍተኛ ማዕረግ።

ልጨምርበት። ጎድጓድ ማየት የሚፈልግ ሰው ሙሉ ጨረቃን ባይጠብቅ ይሻለዋል። ሙሉ ስትሆን ፀሐይ ከአናቷ ላይ ስለምትመታት ጥላ የለም፤ በቀትር የተነሳ ፊት ነው። ግማሽ ስትሆን የብርሃንና የጨለማው ድንበር መሀሏን ሲያቋርጥ ተራራው ሁሉ ጥላውን ያስረዝማል። ብርሃኗ ግን በጣም ስለሚቀንስ ከሙሉዋ ይልቅ አራትና አምስት እጥፍ የረዘመ ጊዜ ስጧት።

ወሎዬዋ
የካቲት 13፣ ምሽት 3፡15

ክሩ ሳይቀዘቅዝ ልግባበት። እኔ ያለኝ ባለ 6 ኢንች ነው፣ 1500 ሚሊሜትር፣ በዚያው 0.63 ሪዲዩሰር። ትናንት የረመዳንን ጨረቃ ከኢፍጣር በኋላ አነሳኋት። ቀጭን፣ እንደ ታንኳ ጀርባዋ ላይ የተኛች። ውጭ ያላችሁት ታስታውሱ እንደሆነ፣ እዚህ ሀገራችን ላይ አዲስ ጨረቃ ተጋድማ ነው የምትታየው፣ እናንተ ጋ እንደ ቅንፍ ትቆማለች።

እኔ የፈለግኩት ብሩህ ቅርጿን አልነበረም፤ ውስጧ ያለውን ጨለማ ክፍል ነው። ከመሬት የሚመለሰው ብርሃን አመድማ አድርጎ የሚያሳየውን። ቅርጿ ቀጭን ብትሆንም ፎቶው ውስጥ ሙሉ ክቧ መግባት አለባት፣ ስለዚህ የካሜራ ማዞሩ ዘዴ እዚህ አይሠራም። በ1500 ሚሊሜትር ሴንሰሩን ጥግ እስከ ጥግ ትሞላዋለች፣ መተንፈሻ የላትም። በሪዲዩሰር 945 ሆነልኝና ዙሪያዋን ሰማይ አገኘሁ። አይኤስኦ 1600፣ 1 ሰከንድ። ቅርጿ በርቶ ነጭ ሆነ፣ ግን ጨለማው ክፍል ላይ ጥቁሮቹ ሜዳዎች ተራ በተራ ወጡ። ክሪሲየምን እኔም አገኘኋት፣ በትክክለኛው ጎን!

አንድ ምክር፦ ማውንቱ ላይ የመከታተያ ፍጥነቱን ከከዋክብት ወደ ጨረቃ ቀይሩት። ጨረቃ ከከዋክብት ጋር እኩል አትሄድም፣ ረዘም ያለ ሰከንድ ላይ ይታወቃል።

ሳሪስ_ሰማይ
የካቲት 19፣ ጠዋት 3፡30

ተመለስኩ። አዳፕተሩ ደረሰኝ፣ ትናንት ማታ ሞከርኩት። ነገሩ ሁሉ እናንተ እንዳላችሁት ሆነ፣ ከአንድ ነገር በቀር፤ እሱን ማንም አልነገረኝም።

ልክ እንደመሸ ጣራ ላይ ወጣሁ። ግማሽ ጨረቃ ካለፈች አንድ ቀኗ ነው፣ ስለዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ እሷ አናት ላይ ነበረች። ቴሌስኮፑን «ወደ ጨረቃ ሂድ» አልኩት። እየዞረ፣ እየቀና፣ እየቀና ሄደና ግጭ! ካሜራው የማውንቱ እግር ላይ አረፈ። ሞተሩ ዝም አላለም፣ መግፋቱን ቀጠለ። ዘልዬ ማብሪያውን አጠፋሁት። ሪዲዩሰር፣ አዳፕተርና ካሜራ ተደምረው ጅራቱ ረዝሟል፣ እኔ ደግሞ ያለሁት ጨረቃ ከአናት በላይ በምታልፍበት ሀገር ነው። የሚሸጡት ሰዎች ጨረቃ ሁሌም ከአድማስ በላይ ጥቂት ከፍ ብላ የምትኖር ሳይመስላቸው አይቀርም። ቱቦውን ማያያዣው ላይ ወደፊት ትንሽ ሳብኩት፣ እሱም አልበቃም። ቁጭ ብዬ ሻይ ጠጣሁ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል ጀመርኩ። መዘግየቴ ደግሞ ጠቀመኝ፤ ቀን የጋለው የጎረቤት ቆርቆሮ ጣራ እስኪበርድ ድረስ ጨረቃ ውኃ ውስጥ ያለች ይመስል ትርገበገብ ነበር።

መጀመሪያ በሪዲዩሰር፣ ያለ ዲያጎናል። ጥጎቹ ጠርተዋል። ጠርዝ ላይ ያሉት ጎድጓዶች መሀል ካሉት እኩል ይታያሉ። ከአናት እስከ እግር 3200 ፒክስል ገደማ ነች። ክሪሲየም በቀኝ!

ከዚያ ሪዲዩሰሩን አውጥቼ ካሜራውን አሽከረከርኩት። 5100 ፒክስል ገደማ ሆና ከነሙሉ ርዝመቷ ገባች። አይኤስኦ 200፣ 1/60፣ በሁለት ሰከንድ ታይመር፣ ከንዝረቱ እንድድን። ፎከሱን በስክሪኑ አሥር እጥፍ አጉልቼ የጥላው ድንበር ላይ ነው ያስተካከልኩት፤ የመጨረሻዋን ዙር ሁልጊዜ በተመሳሳይ አቅጣጫ አዞርኳት፣ አለበለዚያ መስታወቱ ሲንሸራተት ምስሉ ይዘላል።

ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ቀጥ ያለው ግድግዳ የሚሉት ቦታ ላይ አጉሉት። 110 ኪሎሜትር የሚረዝም ገደል ነው። በሪዲዩሰሩ ፎቶ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር መስመር ነች፤ መኖሯ ያስደስታል፣ ሌላ ምንም የለም። ያለ ሪዲዩሰር በተነሳው ላይ መስመሯ አንድ ወጥ አይደለችም፣ የምትወፍርበትና የምትሳሳበት አላት፤ አጠገቧ ያለችው በርት የምትባል 17 ኪሎሜትር ጎድጓድ ውስጥም ግማሹ ብርሃን፣ ግማሹ ጥላ ሆኖ ይለያል። ሲልቨር፣ ለተራ ጨረቃ አንተ አሸነፍክ። ጽጌ፣ ሪዲዩሰሩን ግን አልሸጥም።

ጽጌ_ዱባይ
የካቲት 19፣ ጠዋት 5፡12

ጎሽ! ሞተሩን ግን ዛሬ አይተኸዋል? ሲጋጭ ጥርሱ ይበላል። ማውንቱ ውስጥ ከፍታ የሚገድብ ሜኑ አለ፣ 60 ላይ አድርገውና ከዚያ በላይ አይሂድ።

ሳሪስ_ሰማይ
የካቲት 19፣ ቀን 6፡40

አሁን 60 አድርጌዋለሁ። ሞተሩ ይሠራል፣ ግን ሲዞር አንድ ቦታ ላይ «ቅጭ» ይላል። ከትናንት በፊት ይል እንደነበር አላስታውስም።

ማራኪ_ጎንደር
የካቲት 19፣ ምሽት 1፡25

ሳሪስ፣ የመጀመሪያዋን አናቷ የተቆረጠ ጨረቃ አጥፍተሃታል? ካላጠፋሃት እሷንና እግሯ የተቆረጠውን ላክልኝ። ሲልቨር ያለውን መስፋት ልለማመድባቸው።

ሳሪስ_ሰማይ
የካቲት 19፣ ምሽት 2፡03

አሉ፣ ሁለቱንም ጫንኳቸው። እግሯ ያለበት ላይ ፎከሷ ትንሽ ያመለጠ ይመስለኛል። ከቻልክባት አሳየኝ።

ማራኪ_ጎንደር
የካቲት 19፣ ምሽት 2፡10

ኧረ አንተ፣ ሁለቱም አናቷ ናቸው። እግሯን አላነሳሃትም።